ለእማዬ ግራ እጅ የሚሆን ካሜራ

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ለወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታነሳ የያዘህ ነገር ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጫማህን ለማሰር አልጋ ላይ ትጋደማለህ? ባለቤትህ እንዴት ናት? ከልብስ ማጠቢያው ወደ ሌላ ክፍል ልዛወር ነው ያለችው ተሳካላት? ትልቋ ልጅህ ትምህርቱን እንዴት ይዛዋለች? ትንሿስ አፏ ተፈታ? ባለፈው በስልክ «አክስት» ልትለኝ ፈልጋ «አስት» ብላ የጠራችኝ እስከ ዛሬ ብቻዬን ያስቀኛል።

እኛም እግዜር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ጽፌልህ ይሆን? ዛሬ ስጽፈው እጄን ያዝ አደረገኝ፤ ምክንያቱም እውነቱ ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ደብቀንሃል። አትደንግጥ፤ እማዬ በሕይወት አለች። ይህን ስጽፍልህ በሚቀጥለው ክፍል ቁጭ ብላ ሬዲዮ ትሰማለች፣ ከዜና አንባቢውም ጋር ትከራከራለች። ይህን አስቀድሜ የነገርኩህ ልብህ ተንጠልጥሎ እንዳታነብ ብዬ ነው።

እንድጽፍልህ ያደረገኝ ያለፈው እሑድ ስልክህ ነው። «ካሜራውን ካልወደደችው ንገሪኝ፤ ሸጣችሁትም ከሆነ ንገሪኝ፤ አልቀየምም» አልከኝ። እማዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ በዓይኗ ትለምነኛለች። እኔም «ኧረ ወዳዋለች! ፎቶዎቹን እየመረጠች ነው» አልኩህ። ዝም አልክ። ከዚያ «እሺ፣ ደህና ሁኑ» ብለህ ዘጋኸው። አንተ እንደዚያ አጭር ተናግረህ አታውቅም። ያ «እሺ» ልብስ ሳጥፍም ሆነ ሥራ ቦታ ቆዳ ስቆርጥ ጆሮዬ ላይ ሲጮህ ሰነበተ። ስለዚህ ለእማዬ የገባሁትን ቃል ላፈርስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቀን ጠዋት እማዬ ፀጉሯን እያበጠረች ሳለ ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ። አነሳችው፤ መልሶ ወደቀ። ልትጠራኝ አፏን ስትከፍት ቃሉ ተኮላተፈባት። የቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ። ለዚያ ሳቄ እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩም። ባለቤቴ ተሸክሞ ታክሲ ውስጥ አስገባት። ሐኪሙ ወደ ጭንቅላቷ ከሚሄዱት የደም ሥሮች አንዱ ተዘግቷል አለን። አሥራ አንድ ቀን ተኛች። አፏ ተስተካከለ፤ እግሯም እየተጎተተም ቢሆን መጣ። ቀኝ እጇ ግን አልተመለሰም። ክንዷን ታነሳዋለች፤ ጣቶቿ ግን አይታዘዟትም፤ ጭብጥ እንዳሉ ቀርተዋል።

በዘጠነኛው ቀን ደውለህ «ድምፅሽ ምን ሆነ?» ስትላት «ጉንፋን ነው» ያለችህ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ነው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ የያዝኩላት እኔ ነኝ። ስልኩ እንደተዘጋ «ልጄ ሰው አገር ሆኖ እንቅልፍ እንዳያጣ። ሥራውን ጥሎ እንዳይመጣ። የነገረው ሰው ፊቴን አያይም» አለችን። እኔን፣ ባለቤቴን፣ አክስታችንን አንድ በአንድ አስማለችን። በምስል ስትደውል «መስመሩ አይሠራም» የምንልህ፣ በላክንልህ ፎቶ ሁሉ ላይ ቀኝ ክንዷ በሻርፕ የተሸፈነው ለዚህ ነው። አንተ ምስኪኑ «እማዬ ደግሞ እንዴት ዘናጭ ሆናለች!» ብለህ ሻርፑን አደነቅክ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እንግዲህ ወደ ካሜራው ልምጣ። ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስትለይ ሠላሳ አንድ ዓመት እንደኖረች ታውቃለህ። ማታ ማታ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ደብዳቤዎቹ የሚሄዱባቸውን ከተሞች ስም ስትደረድርልን ልጅ ሆነን ሰምተናል። ስማቸውን እንጂ መልካቸውን አታውቅም። ጡረታ ስትወጣ «አሁን ሄጄ አያቸዋለሁ፤ ፎቶም አነሳቸዋለሁ» ስትል እኛ ሳቅን። ከታመመች በኋላ ደግሞ ሐሳቡ ባሰባት። ግድግዳ እያዩ መዋል አንገፈገፋት። የሃያ ሁለት ከተሞች ስም ወረቀት ላይ አስጽፋኝ ከአልጋዋ በላይ ለጠፈችው። አንተም በስልክ ስትነግርህ ከምር ወሰድከው፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ያንን ካሜራ በመንገደኛ እጅ ላክህላት።

ሳጥኑን ከፈትነው። ጥቁር፣ ትልቅ፣ ሌንሱ ብቻ የእኔን ክንድ የሚያህል፤ የባለሙያ ዕቃ። ጠይቀህ፣ አማርጠህ፣ ከሁሉ የሚሻለውን እንደላክህ ያስታውቃል። እማዬ አልጋዋ ላይ አስተኝታ በግራ እጇ ዳሰሰችው፤ «ልጄ የእኔን ነገር ከቁም ነገር ቆጠረው» አለች። መጨበጫው፣ የሚጫነው ቁልፍ፣ የሚዞረው ሁሉ በቀኝ በኩል መሆኑን ወዲያው አየሁ። እሷም አይታዋለች፤ ግን ትንፍሽ አላለችም። «ይከብድሻል» ስላት «ልጄ የላከው አይከብደኝም» አለችኝ።

መጀመሪያ የሄድነው ሐይቅ ዳር ወዳለችው ከተማ ነው። አውቶቡሱ በየጉድጓዱ ሲዘል ካሜራው አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ደረቷን ይመታታል። «ልያዝልሽ» አልኳት። «ተይው» አለች። ስንወርድ አንገቷ በማንገቻው ቀልቷል። ልታየው የፈለገችው ፖስታ ቤት ከሐይቁ ማዶ ስለሆነ በጀልባ መሻገር ነበረብን። ጀልባው ላይ በሰላም ገባን፤ እሷም በግራ እጇ የዳሩን ብረት ጨብጣ ቆመች። መሃል ስንደርስ ነጫጭ ወፎች ከውሃው ላይ በአንድ ጊዜ ተነሡ። እኔ ዞር ብዬ ቲኬታችንን አሳይ ነበር። ብረቱን ለቀቀችው። ካሜራውን በግራ እጇ አንስታ፣ ቀኝ ክንዷ ላይ አስደግፋ፣ ጣቷን ቁልፉ ላይ ለማድረስ ወደ ፊት ጎንበስ አለች። በዚያች ቅጽበት ጀልባው ዘመም አለ።

ወንድም ጋሼ፣ ቀጥሎ የሆነውን ሳልደብቅ ልንገርህ። ካሜራው ጎትቶ ይዟት ሄደ። በሆዷ ብረቱ ላይ ተንጠለጠለች፤ ግማሽ አካሏ ከጀልባው ውጭ ነው። ካሜራው ውሃው ውስጥ ገብቶ ማንገቻው ጉሮሮዋን አንቋታል። ቀሚሷን ጨብጬ ጮህኩ፤ ጉልበቴ ግን አልቻላትም። ድምፅ አልወጣትም፤ ጆሮዋ ሥር ያለው ቆዳ ሲጠቁር አየሁት። የጀልባው ነጂ መሪውን ጥሎ ዘሎ መጣ፤ በአንድ እጁ ትከሻዋን ይዞ በሌላው ከወገቡ ቢላዋ አወጣ፤ ማንገቻውን ቆረጠው። ካሜራው ቁልቁል ሄደ፤ እማዬ ወለሉ ላይ ወደቀች። አየር እንዳገኘች መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ምን መሰለህ? «የልጄ ካሜራ!» ነው። ነጂው «እናቴ፣ ልጅዎ የሚፈልገው እርስዎን ነው» አላት። አልሰማችውም። ሰው የሰጠመባት ይመስል ውሃውን እያየች አለቀሰች።

ይኸው ነው። ካሜራህ አልተሸጠም፣ አልተናቀም። ሐይቅ ውስጥ ነው። ጥፋቱም የአንተ አይደለም፤ ሁለት እጅ ላላት እናት ነው የላክኸው፤ አንድ ብቻ እንደቀራት ያልነገርንህ እኛ ነን።

ከዚያ ወዲህ እማዬ ኩምሽሽ አለች። የከተሞቹን ወረቀት ከግድግዳው ነቅላ ፍራሽ ሥር ከተተችው። አምስት ሳምንት ከግቢ አልወጣችም። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ በሆዴ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት ከተቀመጠች አትወድቅም፣ እኔም ሥራ ቦታ ሆኜ አልሳቀቅም አልኩ። አንድ ቀን ግን ቀደም ብዬ ስገባ መስኮቱ ሥር ቆማ አገኘኋት። በግራ እጇ የልብስ ሳሙና ይዛለች። ሳሙናውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ አጥር ላይ የተቀመጠች ድመት ላይ ታነጣጥራለች፤ በአውራ ጣቷም ሳሙናውን ጫን ታደርገዋለች። አላየችኝም። ቀስ ብዬ ወጥቼ በሩን እንደገና በድምፅ ከፈትኩት።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ከሥራ ቦታዬ ጀርባ ወዳለው ካሜራ ጠጋኝ ሄድኩ። ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስለሚውል ሰፈሩ «ባለ ሦስት ዓይኑ» ይለዋል። አዲስም አሮጌም ይሸጣል። ነገሩን ሁሉ አጫወትኩት። አንድም «እኔን» ወይም «አይዞሽ» አላለም። ሦስት ትናንሽ ካሜራዎች ጨርቅ ላይ ደረደረ፤ ከዚያ ቀኝ እጁን ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተና «በይ እስቲ፣ ዛሬ እኔም እሳቸውን ልሁን» አለ።

የመጀመሪያዋ መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ፣ እንደ ላባ የቀለለች ነበረች። በግራ እጁ አንስቶ ጣቱን ወደ ቁልፉ ሲዘረጋ ተንሸራታ አመለጠችው፤ ወለሉ ላይ ሳትደርስ በጉልበቴ ያዝኳት። «አየሽ? መቅለል ብቻውን አይበቃም። መያዣ ያስፈልጋል» አለ። ሁለተኛው ዙሙ ከሩቅ የቆመን ሰው አፍንጫህ ድረስ ያመጣዋል፤ ግን ሲከፈት ሌንሱ ይረዝምና ፊት ለፊት ይከብዳል፤ በአንድ እጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል። ጀልባው ትዝ ሲለኝ «አርቅልኝ፣ አርቅልኝ!» አልኩት። ሦስተኛው ከፊቱ ጎማ መያዣ አለው፤ ስክሪኑን በአውራ ጣት ነካ ስታደርገው ያነሳል። ሚዛን ላይ ሲያስቀምጠው ሦስት መቶ ግራም አልሞላም። ብርሃን መቀበያው ሰፋ ያለ ካሜራ ሲመሽም ጥሩ እንደሚያነሳ፣ እሱ በሰፋ ቁጥር ግን ካሜራውም እንደሚከብድ፣ አንዱን ስታገኝ ሌላውን እንደምትለቅ በትዕግሥት አስረዳኝ። «ይሄ ሦስተኛው ይሆናቸዋል» አለ። እኔም ልቤ አረፈ። «ጠቅልልልኝ» ስለው ግን ራሱን ነቀነቀ፤ «ሳይጨብጡት አልሸጥልሽም። ይዘሻቸው ነይ» አለኝ።

አሁን ጉድ ፈላ። እማዬ እጇን ለጎረቤት እንኳ አታሳይም። ስለዚህ ዋሸኋት፤ «መነጽርሽን እንለካ» ብዬ አስለበስኳት። ሱቁ ደጃፍ ደርሰን መስኮቱ ላይ የተደረደረውን ካሜራ ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች። «ለዚህ ነው?» አለችኝ። «እማዬ፣ ዝም ብለሽ አንዴ...» ሳልጨርስ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። «ስንኩል እጄን ለሰው ልታሳዪ ነው ያመጣሽኝ? ልጄ የላከልኝን ሐይቅ ከተትኩት፤ አሁን ደግሞ መሳቂያ ልሁንልሽ?» ብላ እጇን ከእጄ ነጥቃ ወደ አስፋልቱ ገባች። መኪናው ይጮሃል፣ እግሯ ይጎተታል፣ እኔ ክንዷን ስይዝ እሷ ትገፋኛለች። መንገድ መሃል እናትና ልጅ ታግለን የሰው ዓይን ሁሉ እኛ ላይ ሆነ።

ባለ ሦስት ዓይኑ ሮጦ ወጣ። መኪናውን በእጁ አስቁሞ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «እናቴ፣ እኔ በዚህ ሥራ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ካሜራ የሚሠሩት ሰዎች ሰው ሁሉ በቀኝ እጁ የሚኖር ይመስላቸዋል። በግራ ብቻ እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቅ እስካሁን አላገኘሁም። እስቲ እርስዎ ያሳዩኝ» አላት። እማዬ ከላይ እስከ ታች አየችው። አለመሳቁን፣ አለማዘኑን ስታረጋግጥ ሻርፗን አስተካክላ ቀድማን ገባች።

ሦስተኛውን ሰጣት። በሩ ላይ ፀሐይ ውስጥ ቆማ ሞከረችው። «ምንም አይታየኝም። መስታወት ሆኖ የሚያሳየኝ የራሴን ፊት ነው» አለች። እኔና እሱ ተያየን፤ ፀሐዩን ሁለታችንም አላሰብነውም ነበር። «ትለምጂዋለሽ» አልኳት። «የማነሳው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» አለችኝ። ዓይኗ ወደ መደርደሪያው ሄደና ጥግ ላይ ያለ አንድ የቆየ ካሜራ ላይ ዐረፈ፤ ትንሽ ወፈር ያለ ነው፣ በአንድ ዓይን የሚታይባት ቀዳዳ አለችው። «ያኛውስ?» ባለ ሦስት ዓይኑ «እሱ እንኳ አይሆንዎትም። ቁልፉ በቀኝ ነው፤ ስክሪኑም በመንካት አያነሳም» አላት። «አምጣው» አለች።

በግራ እጇ ይዛ አገላበጠችው። አድራሻው አልነበብ ያላትን ደብዳቤ እንደምታይ፣ ቅንድቧን ሰብስባ ብዙ ቆየች። ከዚያ ላዩን ወደ ታች ገለበጠችው። ቁልፉ ዞሮ መጥቶ አውራ ጣቷ ሥር ቁጭ አለ። ዓይኗን ቀዳዳዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ባለ ሦስት ዓይኑ ዞረች። «እናቴ፣ ገልብጠውታል እኮ!» አላት። «አውቃለሁ» አለችና ተጫነችው። ቀጭ አለ። ስክሪኑ ላይ ሲያየው አፉን ከፍቶ፣ እግሩ ወደ ላይ፣ ራሱ ወደ ታች ሆኖ ቆሟል። ካሜራውን ሲያዞረው ቀና አለ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ «ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ!» እያለ ግንባሩን መታ። ስታነሳ ቀና ሆኖ እንደሚታያት፣ የሚገለበጠው መልሳ ስታየው ብቻ እንደሆነ ነገረን። እማዬም ኮራ ብላ «እኛ ዘንድ ተገልብጦ የመጣ ፖስታ ገልብጠን እናነበዋለን እንጂ ለላከው አንመልስም» አለችው። ያንኑ ይዘን ወጣን። ሚዛን ላይም ከሌላኛው የሚበልጠው በጥቂት ነው።

ማንገቻውን እኔ ልስፋ አልኩ። ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ የቦርሳ ማንገቻ እንዳይበጠስ በወፍራም ክር ሦስት ጊዜ እመላለስበታለሁ። ለእማዬ ግን አንገት ላይ የማይወጣ፣ አንጓ ላይ ብቻ የሚገባ ሠራሁላት፤ መጋጠሚያውንም ሆን ብዬ በቀጭን ክር አንዴ ብቻ ሰፋሁት። የካሜራውን ክብደት ይሸከማል፤ ከዚያ በላይ ከተጎተተ ግን ይበጠሳል። አለቃዬ አንስታ አይታው «ይሄ ምን ዓይነት ስፌት ነው? ሥራ ረሳሽ?» አለችኝ። «የእናቴ ነው» አልኳት፤ ነገሩ አልገባትም።

ካሜራውን ካገኘች በኋላ ያለው ጥፋት የእኔ ነው። ካሜራውን ገዛሁላት፤ መንገዱን ግን ከለከልኳት። «ሥራ በዛ»፣ «ዝናብ ነው»፣ «በሚቀጥለው ሳምንት» እያልኩ አንድ ወር አጓተትኩ። ጀልባው ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። እሷ ድመቷን፣ አጥሩን፣ ትንሿን ልጃችንን ሚጣን ስታነሳ ከረመች። «ከተማ ያልሆነ ፎቶ ለልጄ አልልክም» ስለምትል ነው እሑድ እሑድ የምትዋሽህ። ያለፈው እሑድ ግን ዝምታህን እሷም ሰማችው።

ማክሰኞ ከሥራ ለምሳ ብቅ ስል አልጋዋ ተነጥፏል፤ ካሜራው የለም፤ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነው። አክስታችን በር ላይ ተቀምጣ «ገና ጎህ ሳይቀድ ወጣች። ማታ እመለሳለሁ ብላለች። አትንገሪያት ብላኝ ነበር» አለችኝ። አውቶቡስ መናኸሪያ ሮጥኩ። ቲኬት ቆራጩን ጠይቄው ሳልጨርስ «ካሜራ ገልብጠው ያነሱኝ እናት ናቸው? በመጀመሪያው መኪና ሄደዋል» ብሎ የከተማዋን ስም ነገረኝ። ከዝርዝሯ አሥራ አራተኛዋ ናት፤ እዚያ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ልከተላት ብል እንተላለፋለን ብዬ ፈራሁ። ባለቤቴን ጠራሁትና መናኸሪያው ውስጥ ቆመን ጠበቅን። አሥር ሰዓት ላይ አንድ አውቶቡስ ገባ፤ የለችም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሌላ፤ የለችም። ለአንተ ምን ብዬ እንደምነግርህ በልቤ ቃል እፈልግ ነበር፤ አንድም አላገኘሁም።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ሦስተኛው መጣ። መጨረሻ ላይ ወረደች፤ በግራ እጇ በሩን ይዛ፣ አቧራ ለብሳ፣ ሻርፗ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ፣ ቀኝ ክንዷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ተገልጦ። ደህና መሆኗን ሳይ ደስታዬ ቁጣ ሆኖ ወጣ። ሰው እየሰማ ጮህኩባት፤ ምን ያላልኩት አለ። «ጨረስሽ?» አለች። ከኪሷ የተበጠሰ ማንገቻ አውጥታ ሰጠችኝ። አውቶቡስ ስትሳፈር በሩ ብረት ላይ ተጠልፎ ኖሯል፤ ክሩ ተበጠሰ፤ ካሜራው ሣር ላይ ወደቀ፤ እሷ ግን ቆማ ቀረች። «ስፌትሽ ደካማ ነው» አለችኝ። እዚያው ተቃቅፈን አለቀስን፤ ባለቤቴ እኛን ትቶ ከተሳፋሪው ጋር ይስቃል።

እቤት ገብተን ፎቶዎቹን አየን። ፖስታ ቤቷ ሰማያዊ በር ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ውስጥ ያለው ሠራተኛ ፀጉሩ የነጣ ሰው ነው፤ ማን እንደሆነች ስትነግረው ከመቀመጫው ተነሥቶ «የተሳሳተ አድራሻ እያስተካከሉ የሚልኩልን እርስዎ ነዎት? የእጅ ጽሑፍዎን ከስንቱ መሃል እለየው ነበር!» ብሏት ኖሯል። እሷም አንስታዋለች፤ አፉ ገና «ነበር» ላይ ነው። ሰባቱን አሳጥበን በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከተናል። አንዱ ጠርዙ ላይ የአውራ ጣቷ ጥላ አለበት፤ እሱ ይቅር ብላት እምቢ አለች።

እዚህ ላይ ስደርስ ሬዲዮው ጠፋ። ቀና ስል እማዬ ጀርባዬ ቆማለች። ወረቀቱን በክንዴ ሸፈንኩ። «ለማን ነው?» አለችኝ። «ለወንድም ጋሼ።» «ሁሉንም?» «ሁሉንም» አልኳት። ፊቴን አያይም ያለችው ትዝ አለኝ። ወረቀቶቹን ሰብስቤ «አንብቢውና ካልፈቀድሽ እቀደዋለሁ» ብዬ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። «የሰው ደብዳቤ አላነብም» አለች። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና «ፖስታውን ወዲህ በይ» አለችኝ።

እስክሪብቶውን በግራ እጇ ያዘች። ፖስታው እየተንሸራተተ አስቸገራት፤ ልይዝላት እጄን ስዘረጋ መለሰችኝና ጭብጥ ያለውን ቀኝ እጇን እንደ ድንጋይ ጫነችበት። የአንተን ስም ለመጻፍ የፈጀችው ጊዜ እኔ አንድ ገጽ የምጽፍበት ነው። ፊደሉ ወደ ጎን ወደቀ፣ ቁጥሩ ከመስመር ወረደ፤ ግንባሯ ላበው። «እኔ በሌላ ፖስታ ላይ ልጻፈው?» አልኳት። «አይሆንም። እንዲሁ ይሂድ» አለች። ስለዚህ ወንድም ጋሼ፣ ደብዳቤውን ከመክፈትህ በፊት ፖስታው ላይ ያየኸው የተንጋደደ ጽሑፍ የሚጣ መስሎህ ከሆነ፣ አይደለም። የእማዬ ነው።

ባለቤትህን አጥብቄ ሳምኳት በልልኝ። ትልቋን ልጅህን በርቺ በልልኝ፤ ትንሿን ደግሞ «አስት» ሳመችሽ ብለህ ጉንጯን ንከስልኝ። ባለቤቴ ስለ ወገብህ ተጨንቆ ሰላምታውን ያቀርባል። ሚጣ እጅ ትነሣለች። አክስታችን አፏን መጠበቅ እንዳልቻለች ራሷ አምናለች፤ እሷም ሰላም ትልሃለች። እማዬ ሰላምታዬን ፖስታው ላይ ጽፌዋለሁ ብላለች።

የምትወድህ እህትህ

ከእማዬ ቤት፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ኅዳር 19 ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ